ከዓለማየሁ እስከ ለምን፤ በእንግሊዝ አገር የአደራ ልጆች ታሪክ

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶች። ገንዘብም፣ ከብትም፣ መሬትም በአደራ ይሰጣል፤ ከአደራ ሁሉ የከበደው ግን የልጅ አደራ ነው። በኢትዮጵያ እናት ስትሞት አክስት፣ አባት ሲዘምት አያት፣ ትምህርት ቤት ሲርቅ ደግሞ ከተማ ያለ ዘመድ ልጁን ተቀብሎ ከልጆቹ ጋር ያሳድጋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚፈረም ወረቀት የለም፤ የሚከፈል አበልም የለም። ዳኛው ኅሊና፣ ታዛቢው ጎረቤት ነው።

በእንግሊዝ አገር ግን የልጅ አደራ በሕግ፣ በካውንስልና በፍርድ ቤት የሚመራ ጉዳይ ሆኗል። ወላጆቹ ሊያሳድጉት ያልቻሉ ልጅ፣ ካውንስሉ መርምሮ ፈቃድ በሰጠው ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጣል። ይህ አሠራር ፎስተር ኬር ይባላል። ከጉዲፈቻ የሚለየው በዚህ ነው፤ ጉዲፈቻ ልጁን ለዘለቄታው የአዲሱ ቤተሰብ ልጅ ያደርገዋል፤ ፎስተር ግን አደራ ነው። ልጁ የወላጆቹ ልጅ መሆኑ አይቀርም።

በስደት ላይ ባለው ወገን ዘንድ ይህ አሠራር በአብዛኛው የሚታወቀው በፍርሃት ነው። «ሶሻል ሰርቪስ ልጅ ይነጥቃል» የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል። አሠራሩ ከየት እንደመጣ፣ የትኞቹ ልጆች በከፈሉት ዋጋ እንደተቀረጸ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ታሪኩን በቅርብ ለተመለከተው ሁሉም ነገር የሚዞረው በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። አንደኛ፣ በአደራ የተሰጠው ልጅ በአሳዳጊው ቤት እንዳይጎዳ ማን ይጠብቀው? ሁለተኛ፣ ልጁን የተቀበለውን አሳዳጊ ማን ይርዳው፣ ማንስ ይስማው? እንግሊዞች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አንዱን ጥያቄ ሲያነሡ ሌላውን እየጣሉ ተጉዘዋል። በዚህ ጉዞ ከተጎዱት ልጆች መካከል ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የመቅደላው ልጅ

ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሲሰዉ ልጃቸው ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ በጉዞ ላይ ታመው በግንቦት ወር ዐረፉ። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባትና እናት ያጣው ልጅ በመርከብ ተጭኖ በበጋው እንግሊዝ ገባ።

ልጁ የተሰጠው ለካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። ስፒዲ ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት ያገለገለ፣ አማርኛ የሚያውቅ፣ ኢትዮጵያውያን «ባሻ ፈለቀ» ብለው የሚጠሩት ቁመተ ረጅም ሰው ነው። ዓለማየሁ ከመቅደላ ጀምሮ ከእሱ አልለይም ብሎ ነበር። በዋይት ደሴት በስፒዲ ቤት ተቀመጠ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በዚያው ደሴት ባለው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ልጁን አይተው ወደዱት። ስፒዲ ሚስት አግብቶ በሕንድ የፖሊስ ሹመት ባገኘ ጊዜም ልጁ አብሮ ሄደ። በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ስፒዲና ሚስቱ የዓለማየሁ አደራ አሳዳጊዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ወጪውን የሚከፍለው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ነበርና ውሳኔውም የእሱ ሆነ። ስፒዲ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲዛወር፣ የጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ሮበርት ሎው ልጁ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ትምህርት ቤት እንዲገባ አጥብቆ ያዘ። ንግሥቲቱ ልጁ ከሚወደው ሰው መለየቱን አልወደዱትም፤ የመንግሥት አሳብ ግን አሸነፈ። ዓለማየሁ በ1872 የቸልተናም ኮሌጅ ኃላፊ ለነበረው ለዶክተር ጄክስ ብሌክ ተሰጠ፤ እሱ ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወርም አብሮት ተዛወረ። ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ በሊድስ ከተማ አጠገብ፣ በሄዲንግሊ በአስተማሪው ቤት ሳለ በሳንባ ሕመም ታሞ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ። ዐጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ከኢትዮጵያ ወገን በተደጋጋሚ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለውም።

የዓለማየሁ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመቅደላ ዘረፋ አካል ሆኖ ነው። እንደ አደራ ልጅ ታሪክ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ልጁ ምግብ አልጎደለበትም፤ ልብስ አልጎደለበትም፤ የታወቀ ትምህርት ቤትም ገብቷል። የጎደለበት ቋንቋውን የሚናገርና ልቡን የሚያውቅ ሰው ነው። ያንን ሰው ደግሞ አግኝቶት ነበር። ከእጁ የወሰደው ክፋት አልነበረም፤ ለልጁ የሚበጀውን በመዝገብና በሒሳብ ብቻ የለካ መሥሪያ ቤት ነው። የአሳዳጊው ቃል ክብደት አልተሰጠውም፤ የልጁም ቃል አልተሰማም። አማርኛውም በጊዜ ብዛት ጠፋበት።

ጫማ የምታስወልቀው ሴት

ዓለማየሁ እንግሊዝ በገባበት ዘመን የአገሬው ድኃ ልጆች ዕጣ ከዚህ እጅግ የከፋ ነበር። አባት የሌለው ሕፃን የወለደች ሴት ሠርታ ለማደር ልጇን በክፍያ ለሌላ ሴት ትሰጣለች። ከተቀባዮቹ መካከል ገንዘቡን ወስደው ሕፃኑን በረሃብና በማስተኛ መድኃኒት የሚገድሉ ነበሩ። ማርጋሬት ዎተርስ የተባለች ሴት በዚህ ወንጀል በ1870 በስቅላት ተቀጣች። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1872 የሕፃናትን ሕይወት ለመጠበቅ የወጣው ሕግ፣ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ከአንድ የበለጡ ሕፃናትን በክፍያ የሚይዝ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ።

በዚያው በ1870 መንግሥት የሙት ልጆችን ከድኃ መጠለያ አውጥቶ በገጠር ቤተሰቦች ዘንድ በአበል ማስቀመጥ የሚያስችል ደንብ አወጣ። ልጆቹን የሚጎበኙት የአካባቢ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በ1885 ሚስ ሜሰን የተባለች ሴት የመጀመሪያዋ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች። ሚስ ሜሰን ከመንደር መንደር እየዞረች ልጆቹን ስታይ በንጹሕ ቀሚስና በታጠበ ፊት አትታለልም ነበር፤ ጫማና ካልሲ ታስወልቃለች። የእንግዳ መምጣት የተሰማ ዕለት ፊት ይታጠባል፤ እግር ግን የወራት ታሪክ ይናገራል። ልጅን ለመጠበቅ ቤቱን ማየት ብቻ ሳይሆን ልጁን ራሱን ማየት እንደሚያስፈልግ ይህች ሴት ገና ያኔ ገብቷት ነበር። የሚያሳዝነው ትምህርቱ ተረስቶ እንደገና በደም መማር ማስፈለጉ ነው።

ዴኒስ ኦኒል፣ 1945

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ በሴፕቴምበር 1939 መጀመሪያ ቀናት፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው፣ አብዛኛው ሕፃን፣ ከቦምብ ለማምለጥ ከከተሞች ወደ ገጠር ተወሰደ። አገሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሰው ልጅ ተቀባይ ሆነ። አንዳንዱ ልጅ ፍቅር አገኘ፤ አንዳንዱ ጉልበቱ ተበዘበዘ። የሰው ቤት ለልጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ሕዝቡ በዓይኑ አየ።

ዴኒስ ኦኒል ግን በጦርነት የተሰደደ ልጅ አልነበረም። በዌልስ ከኒውፖርት ከተማ ከወላጆቹ ተወስዶ በካውንስሉ እጅ የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ነው። በ1944 በጋ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በሽሮፕሺር በአንድ እርሻ ለሚኖሩ ባልና ሚስት ተሰጠ። ጃንዋሪ 9 ቀን 1945 ዴኒስ ሞተ። በምግብ እጦት ከስቶ፣ ተደብድቦ ነበር። ባልየው በሰው መግደል ስድስት ዓመት፣ ሚስትየዋ ልጅን ቸል በማለት ስድስት ወር ተፈረደባቸው።

ሕዝቡን ያስቆጣው የሁለቱ ሰዎች ጭካኔ ብቻ አልነበረም። ሰር ዎልተር ሞንክተን የመሩት ምርመራ የገለጠው ነገር የባሰ ነበር። ልጁ የኒውፖርት ካውንስል ልጅ ነው፤ የሚኖረው ግን በሽሮፕሺር ካውንስል ግዛት ነው። አንዱ ሌላው የሚጎበኝ መስሎት ተቀመጠ። ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ከኒውፖርት የተላከች ሠራተኛ ልጁን አይታ መታመሙንና መፍራቱን ተረድታ ከዚያ ቤት ፈጥኖ እንዲወጣ አሳሰበች። ከዚያ በኋላ የገና በዓል መጣ፤ ጉዳዩ በደብዳቤ ሲንከባለል ልጁ አለቀ።

የዴኒስ ታሪክ የደራሲዋን የአጋታ ክሪስቲን ልብ ነክቶ፣ በለንደን ከ1952 ጀምሮ ለሚታየው «ዘ ማውስትራፕ» ለተባለው ቴአትር መነሻ ሆኗል። ከዚያ የሚበልጠው ግን በሕግ ላይ የተወው ፍሬ ነው። በዴም ማይራ ከርቲስ የተመራው ኮሚቴ በ1946 ባወጣው ሪፖርት ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚኖሩ ወደ 125 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ሁኔታ መረመረ። ልጆቹ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተበታትነው ነበር። ኮሚቴው ያቀረበው መፍትሔ ቀላልና ጥልቅ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በስም የሚያውቀው፣ «የእኔ ጉዳይ ነው» የሚል አንድ ሰው ይኑረው። በ1948 የወጣው የልጆች ሕግ በየካውንስሉ የልጆች ኮሚቴና የልጆች ሹም እንዲኖር አዘዘ። ካውንስሉም ለልጁ ጥቅም እንዲሠራ፣ ጠባዩና ችሎታው እንዲያድግ ዕድል እንዲሰጠው ግዴታ ገባ።

ለአንደኛው ጥያቄ፣ ማለትም ልጁን ማን ይጠብቀው ለሚለው፣ መልስ ተገኘ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንደተዘጋ ቆየ። የዘመኑ ደንብ አሳዳጊው ልጁን «እንደ ራሱ ልጅ» ለማሳደግ ፈርሞ እንዲቀበል ያደርግ ነበር። ቃሉ ያምራል። ነገር ግን ከራሱ ቤት የተነቀለ፣ እናቱን የሚናፍቅ፣ ሌሊት የሚባንን፣ ሲቆጣ ዕቃ የሚሰብር ልጅ ከራስ ልጅ ይለያል። አሳዳጊው ሥልጠና አልነበረውም፤ ሲቸግረው የሚጠራው ሰው አልነበረውም። አበሉም ሆን ተብሎ ትንሽ ነበር፤ ከፍ ቢል ገንዘብ ወዳድ ይመጣል ተብሎ ይፈራ ስለነበር። ስለዚህ አሳዳጊው ሲደክመው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁን መመለስ።

ስሙን የተነጠቀው ለምን

በ1960ዎቹ አጋማሽ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ከመጡት ኢትዮጵያውያን መካከል የማርሸት ሲሳይ የተባለች ወጣት ነበረች። በሜይ 1967 በሰሜን እንግሊዝ በዊጋን አካባቢ ወንድ ልጅ ወለደችና «ለምን» የሚል ስም አወጣችለት። ያላገቡ እናቶች ልጃቸውን ለጉዲፈቻ እንዲሰጡ በሚገፋፉበት በዚያ ዘመን የማርሸት የጉዲፈቻውን ወረቀት አልፈርምም አለች። የፈለገችው ትምህርቷን እስክትጨርስ ልጇ በአደራ እንዲቀመጥላት ነበር። በዚህ መካከል አባቷ ታመው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። በ1968 ልጇ እንዲመለስላት በደብዳቤ ጠየቀች።

ልጁን የያዘው ሶሻል ወርከር ግን በራሱ ስም «ኖርማን» ብሎ ሰይሞት፣ ለአንድ ባልና ሚስት ሰጥቶት ነበር። ለአሳዳጊዎቹም ነገሩን እንደ ጉዲፈቻ እንዲያዩት ነገራቸው። ለምን ያደገው እናቱ እንደጣለችው እያመነ፣ በከተማው ብቸኛ ጥቁር ልጅ ሆኖ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ እንደማንኛውም የዚያ ዕድሜ ልጅ ማስቸገር ሲጀምር፣ አሳዳጊዎቹ ለካውንስሉ መለሱት፤ ግንኙነቱም ተቋረጠ። ቀሪውን የልጅነት ዘመኑን በአራት የሕፃናት ማሳደጊያዎች አሳለፈ። ከዚያ ሊወጣ ሲል የልደት ወረቀቱ ተሰጠው። ስሙ ለምን ሲሳይ መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው። የእናቱን ደብዳቤም ያኔ አነበበ። ፈልጎ ያገኛት በሃያ አንድ ዓመቱ ነው።

ለምን ሲሳይ ዛሬ በእንግሊዝ ከታወቁት ባለቅኔዎች አንዱ ነው፤ ከ2015 እስከ 2022 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። የልጅነት መዝገቡን ከዊጋን ካውንስል ለማግኘት ዓመታት ታገለ፤ በ2015 አገኘ። ካውንስሉም በ2018 በይፋ ይቅርታ ጠየቀው። በ2019 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርእስ የስሙ ትርጉም ነው፤ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ስሙ ራሱ ጥያቄ ነውና።

በለምን ላይ የደረሰውን በደል በአሳዳጊዎቹ ላይ ብቻ መጫን ታሪኩን ማሳነስ ይሆናል። ለእነሱም የተነገራቸው ሐሰት ነበር። እናት ያላትና የምትፈልገውን ልጅ እንደ ሙት ልጅ ተቀበሉ። ስለ አገሩ፣ ስለ ጠጉሩ፣ ስለ ቆዳው፣ በመንገድ ላይ ስለሚሰነዘርበት ስድብ የሚያማክራቸው አልነበረም። በአንድ ውሸት የልጁም፣ የእናቲቱም፣ የአሳዳጊዎቹም ሕይወት ተበላሸ።

ያልተሰሙ አሳዳጊዎች

በ1973 መጀመሪያ ሌላ ሞት አገሩን አናወጠ። ማሪያ ኮልዌል በብራይተን ከተማ በሰባት ዓመቷ በእንጀራ አባቷ ተደብድባ ሞተች። የማሪያ ታሪክ ከዴኒስ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ማሪያ ከአምስት ዓመት በላይ በአባቷ እኅት ቤት በአደራ ኖራ ነበር፤ በዚያም ደኅና ነበረች። እናቷ እንደገና አግብታ ልጄን ስጡኝ ስትል፣ በዘመኑ የሥጋ ዝምድና ከሁሉ ይቀድማል ይባል ስለነበር በ1971 ተመለሰች። ልጅቱ አልሄድም ብላ ታለቅስ ነበር። አሳዳጊዎቿ ተቃወሙ፤ አልተሰሙም። ከተመለሰች በኋላም ጎረቤትና አስተማሪዎች ደጋግመው ጮኹ፤ ልጅቱን ግን ያዳናት የለም።

ከዴኒስ ሞት እንግሊዝ የተማረችው የአሳዳጊ ቤት ሊገድል እንደሚችል ነበር። ከማሪያ ሞት የተማረችው ደግሞ ልጁን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው አንዳንዴ አሳዳጊው መሆኑን ነው። የምርመራው ሪፖርት በወጣበት በ1974 አሳዳጊዎች ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ፤ ይህ ማኅበር ዛሬ ፎስተሪንግ ኔትወርክ ይባላል። በ1975 የወጣው ሕግም ልጁ በፍርድ ቤት የራሱ ተከራካሪ እንዲኖረው በር ከፈተ፤ ልጁን አምስት ዓመት ያሳደገ ሰውም ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሳይታይ ልጁ በድንገት እንዳይወሰድበት አደረገ።

በዚያው ዓመት በኬንት ክፍለ ሀገር ናንሲ ሄዝል የተባለች ሴት ከስዊድን በተማረችው መሠረት አዲስ ሙከራ ጀመረች። ማንም አይቀበላቸውም የተባሉ አስቸጋሪ ጎረምሶችን ለሚቀበሉ ቤተሰቦች ከአበሉ በላይ የሥራ ክፍያ ተሰጠ፤ ሥልጠና ተሰጠ፤ አሳዳጊዎቹም በየጊዜው እየተሰበሰቡ ችግራቸውን እንዲመካከሩ ተደረገ። ክፍያ ገንዘብ ወዳድ ያመጣል የተባለው ፍርሃት መሠረት እንዳልነበረው ታየ። የተረዳ አሳዳጊ ልጁን ቶሎ አይመልስም። የማይመለስ ልጅ ደግሞ መረጋጋት ይጀምራል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መሆናቸው በሥራ የታየው እዚህ ላይ ነው፤ አሳዳጊውን መርዳት ልጁን መጠበቅ ነው።

በ1989 ወጥቶ ከኦክቶበር 1991 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የልጆች ሕግ እነዚህን ትምህርቶች አንድ ላይ ሰበሰበ። የልጁ ደኅንነት ከሁሉ ይቅደም አለ። ካውንስሉ በእጁ ስላለ ልጅ ሲወስን የልጁንና የወላጁን ፍላጎት እንዲሰማ፣ ሃይማኖቱን፣ ዘሩን፣ ባህሉንና ቋንቋውን እንዲያጤን አዘዘ። ይህ አንቀጽ ለዓለማየሁ መቶ ሃያ ዓመት፣ ለለምን ሃያ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ነው።

«አክስቴ ናት»

ሕጉ ከወጣ በኋላም በስደተኛው ማኅበረሰብ ውስጥ የተሰወረ አንድ ክፍተት ቀረ። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የኮትዲቯር ልጅ ናት። ወላጆቿ በአውሮፓ ተምራ የተሻለ ሕይወት ታገኛለች ብለው ለአባቷ አክስት ሰጧት። ይህ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ሴትዮዋ ልጅቱን በሌላ ልጅ ፓስፖርት ለንደን አስገባቻት። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2000 ቪክቶሪያ በስምንት ዓመቷ ሞተች፤ በገላዋ ላይ 128 ጉዳት ተቆጠረ። ሴትዮዋና ወንድ ጓደኛዋ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

ሎርድ ላሚንግ በ2003 ያወጡት ሪፖርት ሶሻል ሰርቪስ፣ ፖሊስና ሆስፒታል ልጅቱን አይተዋት እንዳላዳኗት ዘረዘረ። ከሁሉ ይልቅ ስደተኛን የሚመለከት አንድ ነጥብ አለ። ልጅቱ በሴትዮዋ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ትቆም ነበር። ያዩት ሠራተኞች ይህን የአክብሮት ባህል ነው ብለው አለፉት። ፍርሃት ግን ነበር። ኢትዮጵያዊ ልጅም በታላቅ ፊት ዓይኑን ይሰብራል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አክብሮትን ከፍርሃት ለይቶ ለባዕድ ሠራተኛ ሊያስረዳ የሚችለው ባህሉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ባህልን ለጭካኔ መሸፈኛ ሲያደርጉት «ይህ ባህላችን አይደለም» ሊል የሚችለውም እሱው ነው።

ከቪክቶሪያ ሞት በኋላ በ2004 የወጣው ሕግ የግል ፎስተር የሚባለውን አሠራር አጠበቀ። ይህ ካውንስሉ ያላስቀመጠው፣ ወላጅ ራሱ በሰው ቤት ያስቀመጠው ልጅ ጉዳይ ነው። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ (አካል ጉዳተኛ ከሆነ ከ18 በታች) ከወላጁና ከቅርብ ዘመድ ውጭ በሆነ ሰው ቤት ለ28 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ለአካባቢው ካውንስል መንገር ግዴታ ነው። በሕጉ የቅርብ ዘመድ የሚባሉት አያት፣ ወንድም፣ እኅት፣ አጎት፣ አክስትና የእንጀራ ወላጅ ናቸው። የክርስትና አባት አይገባም። የአባት አክስት አትገባም። ያገር ልጅ፣ የጓደኛ ሚስት፣ የአጎት ልጅ አይገቡም። በሐበሻ ልማድ «አክስቴ» የምትባለው ሴት ሁሉ በሕጉ ዓይን አክስት አይደለችም።

ብዙ ደግ ሰዎች ይህን ባለማወቅ ሕግ ይጥሳሉ። ካውንስሉ ሲነገረው የሚያደርገው ቤቱንና ልጁን መጎብኘት፣ ልጁን ለብቻው ማነጋገር፣ ለአሳዳጊውም ምክር መስጠት ነው። የሚስ ሜሰን ጫማ ማስወለቅ በዘመናዊ መልኩ ይኸው ነው። ንጹሕ ልብ ያለው አሳዳጊ ከጉብኝቱ የሚያጣው የለም፤ የተደበቀ ልጅ ግን የሚያጣው ብዙ ነው።

ዛሬ በማን እጅ ነው?

ብቻቸውን ባሕር አቋርጠው የሚመጡ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች በእንግሊዝ ሲደርሱ በዚሁ በ1989ኙ ሕግ በካውንስል እጅ ይገባሉ፤ ትንንሾቹ በአብዛኛው በፎስተር ቤት ይቀመጣሉ። በ2016 በፈረንሳይ የካሌ መጠለያ ሲፈርስ ከመጡት ልጆች መካከልም ነበሩበት። ከተቀባዮቹ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ደግ ናቸው፤ ነገር ግን የዓቢይ ጾም ምን እንደሆነ፣ ረመዳን እንዴት እንደሚያዝ፣ ልጁ እንጀራ ሲያይ ለምን ዝም እንደሚል አያውቁም። አሳዳጊውን መርዳት ማለት የግድ የመንግሥት በጀት ማለት ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያደርስ፣ በበዓል ቀን ቤቱ የሚጠራ፣ ጠጉር እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳይ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ በስልክ የሚያነጋግር ጎረቤት ለአሳዳጊውም ለልጁም ትልቅ እገዛ ነው።

ከዚያም አልፎ አሳዳጊ መሆን የሚችሉ ወገኖች ብዙ ናቸው። የራስ ቤት መኖር አያስፈልግም፤ ኪራይ ቤትም ይሆናል። ያላገባ ሰውም ያመለክታል። ለልጁ የሚሆን ትርፍ መኝታ ክፍል፣ የወንጀል መዝገብ ምርመራና ወራት የሚፈጅ ጥናት ግን አለ። ከተፈቀደለት በኋላ አሳዳጊው አበል፣ ሥልጠናና እሱን ራሱን የሚረዳ ሶሻል ወርከር ይመደብለታል። ክስ ቢቀርብበት እንኳ ምርመራው እስኪያልቅ ከካውንስሉ ነጻ የሆነ አማካሪ እንዲያገኝ የእንግሊዝ አገር ደንብ ይጠይቃል። ከ2014 ጀምሮም ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው በዕለቱ ከቤት እንዳይወጣ፣ ሁለቱም ከፈቀዱ እስከ 21 ዓመቱ እዚያው እንዲቆይ ሕግ ተደንግጓል። ይህ ሁሉ ፍጹም አይደለም፤ በየካውንስሉም ይለያያል። የድሮው አሳዳጊ ግን ከዚህ አንዱንም አልነበረውም።

ከዓለማየሁ እስከ ለምን መቶ ዓመት ነው። ሁለቱም የሚበሉት አላጡም፤ ያጡት ስማቸውን በትክክል የሚጠራ ሰው ነው። ዴኒስ የሚያየው አጣ፤ የማሪያ አሳዳጊዎች የሚሰማቸው አጡ፤ የቪክቶሪያ ወላጆች አደራቸው የት እንዳለ የሚነግራቸው አጡ። ሕጉ ከእነዚህ ልጆች ተምሮ ዛሬ የደረሰበት ደርሷል። የቀረው የሰው ድርሻ ነው። አባቶች አደራን ጥብቅ ያሉት በሩቅ ሰማይ ስለሚታይ ብቻ አልነበረም፤ በቅርብም ጎረቤት ያይ ስለነበር ነው። በስደት አገርም ያ ጎረቤት ሊጠፋ አይገባም።